ሰባ አንድ ሰው፣ መቶ አርባ ዘጠኝ እሺታ

አቶ ጣሰው በትዳር ዘመናቸው «እምቢ» ያሉት ሦስት ጊዜ ብቻ እንደሆነ ባለቤታቸው ወይዘሮ ኮከብ ይመሰክራሉ። አንዱን ለሐኪም፣ አንዱን ለኢንሹራንስ ሻጭ፣ አንዱን ደግሞ ለራሳቸው ለወይዘሮ ኮከብ ነው ያሉት፤ የመጨረሻውን ግን በማግስቱ ሽረውታል። ዘመድ ወዳጅ ይህን ሲሰማ ይስቃል። የሚያስቅ ነገር አለመሆኑ የታወቀው ባለፈው የካቲት፣ ዴንቨር ውስጥ ሎውሪ በተባለ ሰፈር በሚገኝ አንድ የትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ፣ አንዲት አሜሪካዊት ሦስት ወረቀቶችን ጎን ለጎን ባስቀመጠችበት ዕለት ነው።

አቶ ጣሰው የስልሳ ሰባት ዓመት ሰው ናቸው። በዴንቨር ኢንተርናሽናል አየር ማረፊያ ተሽከርካሪ ወንበር ሲገፉ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል። ሥራው ከጉልበት ይልቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ከሚገፏቸው መንገደኞች ብዙዎቹ መራመድ የሚችሉ ናቸውና። ልጆቻቸውን ሊጠይቁ ከአገር ቤት የሚመጡ እናቶች ናቸው። ልጆቻቸው ቲኬት ሲቆርጡ «ዊልቸር ያስፈልጋታል» ብለው የሚያስመዘግቧቸው እግር ከድቷቸው ሳይሆን፣ ቋንቋ አጥተው በባቡሩና በአሳንሰሩ መካከል እንዳይጠፉ ነው። አንዳንዷ እናት ታፍራለች።

«ልጄ፣ እኔ እኮ እሄዳለሁ» ትላቸዋለች።

«ይቀመጡ እማማ። እዚህ የሚጠፋው የሚሄደው ነው» ይሏታል። ትቀመጣለች። እሳቸውም ይገፋሉ።

ሌላው ሥራቸው ደሞዝ አልነበረውም። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ከዴንቨር አጠገብ ባለችው አውሮራ ከተማ በሚኖሩበት አፓርትማ የልብስ ማጠቢያ ክፍል አጠገብ፣ ከሰባት ሰዎች ጋር ሆነው ከሁለቱ ትልልቅ የአሜሪካ ፓርቲዎች በአንዱ ሥር አንድ የማኅበረሰብ ክለብ አቋቋሙ። ክለቡ አድጎ ሰባ አንድ አባላት ሲያፈራ የካውንቲው፣ ማለትም የወረዳው፣ የፓርቲ ኮሚቴ አንድ ድምፅ ያለው መቀመጫ ሰጠው። በመቀመጫው ላይ የሚቀመጡት አቶ ጣሰው ነበሩ። በዚህች አንዲት መቀመጫ የተገኘው ነገር ብዙ አይደለም፤ ፓርቲው በየምርጫው ለመራጮች የሚያሰራጨው መመሪያ በአማርኛም እንዲታተም ተደረገ፤ ለከተማ ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ወደ ሰፈሩ መጥቶ እንዲጠየቅ ልማድ ሆነ። ይሁን እንጂ ይህን ያህሉንም የያዘ ሌላ የሐበሻ ማኅበር በአካባቢው አልነበረም። አቶ ጣሰው ከመሞታቸው በፊት መቀመጫዋን ለሌላ ሰው አስረክበው ማለፍ ይፈልጉ ነበር። ሌላ ምኞት ሲናገሩ የሰማ የለም።

የመቀመጫዋ ሕልውና በአንድ ደንብ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ፕሬዚዳንታዊ ቅድመ ምርጫ በሚደረግበት ዓመት፣ ማንኛውም ክለብ ጉባኤ ጠርቶ ከተፎካካሪዎቹ ማንን እንደሚደግፍ፣ ወይም ማንንም እንደማይደግፍ፣ በግልጽ መወሰን አለበት። በጉባኤው ላይ ቢያንስ አርባ አባላት ቆመው መቆጠር አለባቸው። ፊርማ አይበቃም፤ በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖሩ ክለቦች ኮሚቴውን አስቸግረውት ስለነበር፣ የሚቆጠረው የቆመ ሰው ብቻ ነው። አርባ ካልሞላ መቀመጫው ይታጠፋል።

በዚያ ዓመት ፓርቲው በመላ አገሪቱ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር። አንደኛው ወገን የሌላ ግዛት አስተዳዳሪ የሆነችውን ሴት ይደግፋል፤ ሰዉ «ገዥዋ» ይላታል። ሌላው ወገን አንድ ሴናተር ይደግፋል። ስንጥቁ አውሮራ ሲደርስ ግን የራሱን መልክ ያዘ። ሴናተሩ በአገር ቤት ጦርነት ጊዜ ስላወጣው መግለጫ ያልረሳ ሰው ሞልቶ ነበር፤ አንዱ ያልረሳው ስለወደደው፣ ሌላው ያልረሳው ስለጠላው ነው ይባባል ነበር። ስለ ሕክምና ዋስትናና ስለ ቤት ኪራይ እየተከራከርን ነው ያሉት ሰዎች፣ አብዛኞቹ የተከራከሩት ስለ ሌላ ነገር ነው። ይህንም ሁሉም ያውቅ ነበር፤ ማንም አላነሣውም።

የገዥዋን ወገን የሚመሩት ወይዘሮ ሠርካዲስ ነበሩ። እንግልውድ ውስጥ የቤት ለቤት እንክብካቤ ድርጅት አላቸው፤ ከክለቡ አባላት ወደ ሃያ የሚጠጉት ተቀጣሪዎቻቸው ናቸው። የሴናተሩን ወገን የሚመራው ቢንያም የሚባል የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው ነበር፤ በስልክ የሚጠራ ታክሲ ይነዳል፣ አየር ማረፊያው አጠገብ ተራ የሚጠብቁ ሾፌሮችንም ያስተባብራል። ሁለቱም ብልህ ናቸው። ሁለቱም ክለቡን ይወዱ ነበር። ሁለቱም፣ ክለቡ የእነሱን ወገን ካልያዘ፣ ወጥተው የራሳቸውን እንደሚያቋቁሙ አሳውቀው ነበር።

አቶ ጣሰው መከፋፈልን የሚፈሩበት ምክንያት አላቸው። ታላቅ ወንድማቸው መስፍን በስልሳ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት ለሁለት ከተከፈለ አንድ ድርጅት ውስጥ በአንደኛው ወገን ቆመ። ወገኑ «አንጃ» ተባለ። የገደሉት፣ ከአንድ ዓመት በፊት አብረውት በራሪ ወረቀት ያባዙ የነበሩ ጓደኞቹ ናቸው። አቶ ጣሰው ከዚህ የቀሰሙት ትምህርት «ወገን አትያዝ» የሚል ነው። ትምህርቱ የተሳሳተ ነበር። መስፍንን ለሞት ያበቃው ወገን መያዙ ሳይሆን፣ ወገን የያዘ ሰው በሚገደልበት ድርጅት ውስጥ መገኘቱ ነው። ይህን ልዩነት ያላጤነ ሰው ግማሽ ምዕተ ዓመት መልካም ሰው ተብሎ ሊኖር ይችላል፤ ሊቀመንበር መሆን ግን አልነበረበትም።

በጥር መጀመሪያ ወይዘሮ ሠርካዲስ ወደ ቢሯቸው ጠሯቸው።

«አቶ ጣሰው፣ እኔ ከሰው ጋር መሟገት ሰልችቶኛል» አሏቸው። «የምታሸንፈው ገዥዋ ናት። ቀድሞ የቆመ ይታወሳል፤ ሲያልቅ የመጣውን ማን ያስታውሰዋል?»

«ልክ ነሽ።»

«ልክ መሆኔንማ አውቃለሁ። ዕለቱ ሲደርስ ከእኛ ጋር ይቆማሉ ወይ ነው ጥያቄዬ።»

አቶ ጣሰው ኮፍያቸውን በጉልበታቸው ላይ አዟዟሩ። «እሺ» አሉ።

«ኮከብ ትሙት ይበሉኛ!»

«ኮከብን ለምን ትገያታለሽ? እሺ አልኩሽ እኮ።»

ወይዘሮ ሠርካዲስ ሳቁ፤ እስከ መኪናቸው ድረስም ሸኟቸው።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ከሥራ ሲወጡ ቢንያም አየር ማረፊያው በር ላይ ጠበቃቸው።

«ጋሼ ጣሰው፣ ይግቡ። አፑን አጥፍቻለሁ፤ ዛሬ ፓሴንጀሬ እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«በባቡር እሄድ ነበር እኮ።»

«ባቡሩ አያናግርዎትም።» ቢንያም ወደ ፔንያ ቡልቫርድ አውራ ጎዳና ሲገባ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ገዥዋ ከነ ሠርካዲስ ጋር ፎቶ ትነሣለች። የሰው ሽማግሌ ስታጥብ የምታድረዋ ሴት ፎቶው ውስጥ አለች? የለችም። ፓርቲው እኛን እንደ በዓል ዶሮ ነው የሚያየን፤ ቀኑ ሲደርስ ብቻ ነው የምንፈለገው። የክለቡ ድጋፍ፣ ኢንዶርስመንቱ፣ ለሴናተሩ ካልሆነ እኛ ወጥተናል።»

«መውጣት የሚባል ነገር አታንሣብኝ።»

«እንግዲያው ከእኛ ጋር ይቁሙልን።»

አቶ ጣሰው በመስኮቱ ወደ ውጭ አዩ። ደረቅ ሜዳ ላይ የቀረ በረዶ ነበር። «እሺ ልጄ» አሉ።

«ፕሮሚስ?»

«እሺ አልኩህ። ደግሞ ፍጥነትህን ቀንስ።»

ሁለቱንም ሊያታልሉ አላሰቡም። ሁለቱም ቃላቸውን የሚጠየቁበት ሰዓት እንዳይመጣ ነበር ያሰቡት። ለጉባኤው ሦስተኛ የውሳኔ ሐሳብ አዘጋጁ፤ ክለቡ በቅድመ ምርጫው ማንንም ሳይደግፍ ይቆይ፣ ያሸነፈውን ግን በኋላ በአንድነት ይደግፍ የሚል። ሐሳቡ ጤናማ ነበር። እንደ ሐሳብ ወደ አደባባይ አውጥተው ቢከራከሩበት ኖሮ ምናልባት ያሸንፍ ነበር። እሳቸው ግን ከቤት ወደ ቤት ይዘውት ዞሩ።

ሦስት ቅዳሜ ዞሩ። አብረዋቸው የሄዱት አቶ ሰረቀ ናቸው፤ አስመራ ተወልደው በአማርኛ የተማሩ፣ ዴንቨር ውስጥ ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድተው ጡረታ የወጡ ወዳጃቸው። የገቡበት ቤት ሁሉ ሶፋ ላይ ያለ ልብስ ይነሣል፣ ቴሌቪዥን ይጠፋል፣ ምሳ ይቀርባል። አቶ ጣሰው ጉዳዩን ያስረዳሉ። የቤቱ ሰው አንገቱን ደፍቶ ይሰማል።

«ጋሼ፣ እርስዎ ካሉማ አለቀ።»

«ትመጣለህ?»

«እንዴት እቀራለሁ?»

«ከእኛ ጋር ትቆማለህ?»

«እሺ።»

አቶ ጣሰው ስሙን ይጽፋሉ። ወረቀታቸው ሁለት ዓምድ ነበረው፤ አንዱ «ከእኛ ጋር የሆኑ» የሚል፣ ሌላው «የሚያስቡበት»። «ያልተስማሙ» የሚል ዓምድ አላሰመሩም። በሦስተኛው ቅዳሜ ማታ የመጀመሪያው ዓምድ ሃምሳ ስምንት ስም ይዞ ነበር፤ ሁለተኛው ባዶ ነበር።

አቶ ሰረቀ መኪናው ውስጥ ወረቀቱን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ይህ ዝርዝር አልጣመኝም።»

«ለምን?»

«አንድም ሰው አልተከራከረንም። ሠላሳ ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ፤ ዋጋ ሳይጠይቅ የገባ ተሳፋሪ ሳይከፍል ነው የሚወርደው።»

«አንተ ሁልጊዜ ክፉውን ነው የምታየው።»

«እኔ የማየው መስተዋቱን ነው፤ ከኋላ ያለውን።»

እቤት ሲገቡ ወይዘሮ ኮከብ ወረቀቱን ተቀብለው መነጽራቸውን አደረጉ።

«የዘመዳችን የቀጸላ ልጅ ክርስትና ላይ ስንት ሰው እሺ ብሎ ነበር?»

«መቶ ሃያ።»

«ስንት መጣ?»

«በረዶ ነበር እኮ።»

«ስንት መጣ ነው ያልኩህ።»

«ሠላሳ አምስት።»

«የካቲትም በረዶ አለ» ብለው ወረቀቱን መለሱላቸው።

ደንቡ እያንዳንዱ የውሳኔ ሐሳብ አቅራቢ የደጋፊዎቹን ዝርዝር ከጉባኤው አንድ ሳምንት አስቀድሞ ለካውንቲው እንዲያስገባ ያዝዛል። አቶ ጣሰው የሃምሳ ስምንት ሰው ዝርዝር አስገቡ። ወይዘሮ ሠርካዲስ አርባ ሰባት ስም አስገቡ። ቢንያም አርባ አራት አስገባ። አንዱ የሌላውን ወረቀት አላየም።

በጉባኤው ዕለት ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ነበረች፤ በረዶው ከጣሪያው ጠርዝ ይንጠባጠብ ነበር። ስልሳ ሁለት ሰዎች መጡ። አቶ ጣሰው ከመድረኩ ሁለት ጊዜ ቆጠሯቸው፤ ሁለቱንም ጊዜ ስልሳ ሁለት ሆኑ። ፊታቸው ሲበራ ወይዘሮ ኮከብ ከኋላ ወንበር አዩ።

«አየህ?» አሏቸው አቶ ሰረቀን።

«መግባታቸውን አየሁ። መቆማቸውን ደግሞ ልይ።»

ከካውንቲው የተላከችው ታዛቢ ጸጉሯ የሸበተ፣ በአውራ ጣት የሚጫን ትንሽ መቁጠሪያ የያዘች ሴት ነበረች። ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ሦስቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን አስቀመጠች። ቢንያም ያስተረጉም ጀመር።

«ክለቡ ስንት አባላት አሉት?» ብላ ጠየቀች።

«ሰባ አንድ» አሉ አቶ ጣሰው።

«እነዚህ ሦስት ዝርዝሮች ሲደመሩ መቶ አርባ ዘጠኝ ሰው ይሆናሉ። ሠላሳ አንድ ሰዎች በሦስቱም ላይ አሉ። ምናልባት ስህተት ተፈጥሮ ይሆን?»

ቢንያም የመጨረሻውን ዐረፍተ ነገር ሲተረጉም ድምፁ ቀነሰ። ሰዎች የየራሳቸውን ጫማ ያዩ ነበር። አቶ ሰረቀ ተነሡ።

«ከሠላሳ አንዱ አንዱ እኔ ነኝ» አሉ። «ለሦስታችሁም ቃል ሰጥቻለሁ። አሁን የት ልቁም? ጣሪያው ላይ?»

ሳቅ ሆነ። ወይዘሮ ሠርካዲስ ግን አልሳቁም።

«አቶ ሰረቀ! ቤቴ ድረስ መጥተው ነው እኮ እሺ ያሉኝ!»

«ታዲያ ቤትሽ መጥቼ፣ ማዕድሽን በልቼ፣ እምቢ ልበልሽ? ነውር አይደለም?»

«መዋሸቱስ?»

«መዋሸቱማ አንቺ በሌለሽበት ነው።»

አሁን የሳቀው ጥቂት ነው። ታዛቢዋ ምን እንደተባለ ጠየቀች፤ ቢንያም «ቀልድ ነው» አላት።

አቶ ጣሰው ሥርዓቱን አስረዱ። ገዥዋን የሚደግፍ በመስኮቱ በኩል ይቁም፣ ሴናተሩን የሚደግፍ በጥቁር ሰሌዳው በኩል ይቁም፣ ክለቡ ማንንም ሳይደግፍ እንዲቆይ የሚፈልግ መሃል ይቁም። «በሉ፣ ተነሡ» አሉ።

ለተሃይማኖት የምትባል ሴት ቀድማ ተነሣች። የአቶ ጣሰው ጎረቤት ናት፤ የምትሠራው በወይዘሮ ሠርካዲስ ድርጅት ነው፤ ወንድሟ ከቢንያም ጋር ይነዳል። በየትኛውም በኩል ብትቆም የሁለት ሰው ዓይን ፊት ቃሏ ይፈርሳል። ቁልፏን ከቦርሳዋ አወጣች።

«መኪናዬን ፋየር ሌን ላይ፣ ለእሳት አደጋ በተተወው መንገድ ነው መሰለኝ ፓርክ ያደረግኩት» ብላ ወጣች።

የአንድ ሰው ስልክ ሳይጮህ ጆሮው ላይ ደረሰ። አንዱ የሥራ ሺፍቱ ትዝ አለው። አንዷ ልጅ ልታወጣ ሄደች፤ ዕለቱ ቅዳሜ ነው፣ ትምህርት ቤት ዝግ ነው። ባልና ሚስት አንዱ ሌላውን ሊጠራ ተከታትለው ወጡ። ማንም አልሮጠም፤ ማንም በር አላላተመም። ሁሉም ሲወጣ አንገቱን በአክብሮት ዝቅ እያደረገ ነው።

ከመስኮቱ የመኪና ማቆሚያው ይታያል። ሊያነሡ የወጡትን መኪና ሞተር አስነሥተው ውስጡ ተቀምጠዋል። አቶ ጣሰው አቶ ሰረቀን ላኳቸው። አቶ ሰረቀ በየመኪናው መስኮት አንኳኩተው፣ እጃቸውን እያሻሹ ተመለሱ።

«ምን አሉ?»

«እሺ እየመጣን ነው አሉ።»

አንድም ሰው አልመጣም።

ታዛቢዋ መቁጠሪያዋን እየተጫነች ዞረች። በመስኮቱ በኩል አሥራ ሁለት፣ በሰሌዳው በኩል አሥራ ሦስት፣ መሃል አሥራ አራት። ሠላሳ ዘጠኝ። መነጽሯን ከፍ አድርጋ ወደ መድረኩ አየች። ሊቀመንበሩ ራሳቸው አልተቆጠሩም፤ አባል ስለሆኑ የመቆም መብት አላቸው፤ ይቆማሉ ወይ ብላ ጠየቀች።

አቶ ጣሰው ከመድረኩ ወረዱ።

«ወደዚህ ነው አቶ ጣሰው» አሉ ወይዘሮ ሠርካዲስ፣ አጠገባቸው ባዶ ቦታ እያሳዩ።

ቢንያም ዞሮ አያቸው። «ወደዚያ ለምን ይሄዳሉ? ጋሼ ቃል የገቡት ለእኔ ነው።»

«ለማን?»

«ለእኔ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጠው።»

«ለእኔ ደግሞ ቢሮዬ ተቀምጠው! ሳቅኩና ተውኩት እንጂ በኮከብ ላስምላቸው ነበር!»

ከኋላ የተቀመጡት ወይዘሮ ኮከብ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እሳቸው የክለቡ አባል አልነበሩም፤ ይህን ውሳኔያቸውን ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ለባለቤታቸው በግልጽ ነግረዋቸዋል።

አቶ ጣሰው በሁለቱ መካከል ትንሽ ቆሙ። በዚያ ቅጽበት «ለሁለታችሁም እሺ ማለቴ ጥፋት ነው፤ መቀመጫዋ ግን የእኔ አይደለችምና ስለ እኔ ስትሉ አትጣሏት» ቢሉ ነገሩ ይለወጥ እንደነበር ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ተናግሯል። አላሉም። አራት እርምጃ ተራምደው ከመሃለኞቹ ጋር ቆሙ። ቁጥሩ አርባ ሆነ።

ታዛቢዋ አውራ ጣቷን አነሣች፤ ከመጫኗ በፊት ግን ቢንያም ጃኬቱን ከወንበር ላይ አንሥቷል።

«ሁለታችንንም ነው የዋሹን» አለ፤ የሚያናግረው ወይዘሮ ሠርካዲስን ነበር።

ወይዘሮ ሠርካዲስ ሻርባቸውን ጠመጠሙ። «አንጃ ከአንጃ ይጣላል፤ ያለ ነገር ነው» አሉ። «ሁለት አንጃ በአንድ ቃል የሚያታልል ሽማግሌ ግን ዛሬ አየሁ።»

አቶ ጣሰው ቃሉን ሲሰሙ ፊታቸው ምን እንደመሰለ አቶ ሰረቀ ብቻ አዩ፤ ለማንም አልተናገሩም።

ሁለቱም ወገን የየራሱን ተከታይ ይዞ ወጣ። በሩ ላይ ሲደርሱ ቢንያም በሩን ያዘላቸውና ወይዘሮ ሠርካዲስ «ተባረክ» አሉት። በዚያ ሰሞን ሁለቱ የተስማሙበት አንድ ጉዳይ ቢኖር አቶ ጣሰው ውሸታም መሆናቸው ነው።

ታዛቢዋ እንደገና ቆጠረች። አሥራ አምስት ጻፈች።

ደብዳቤው በዘጠኝ ቀን ውስጥ መጣ፤ አጭርና ትሑት ነበር። መቀመጫው ታጥፏል፤ ክለቡ ለአሥራ አንድ ዓመት ላደረገው አስተዋጽኦ ኮሚቴው ያመሰግናል። ከዚያ በኋላ በየቤቱ የደረሰው የፓርቲው መመሪያ አማርኛ አልነበረበትም። ይህን ያስተዋለ ሰው ቢኖርም ለአቶ ጣሰው አልነገራቸውም።

የቅድመ ምርጫው ድምፅ መስጫ በፖስታ መጣ። ወይዘሮ ኮከብ የራሳቸውን ወረቀት በምግብ ጠረጴዛው ላይ ሞልተው፣ ፈርመው፣ ዘጉት። የባለቤታቸው ፖስታ ሳይከፈት እዚያው ሰነበተ።

«ይህን እኮ ማንም አያይብህም» አሏቸው አንድ ጠዋት። «የምትቆምበት ግድግዳ የለውም። አንተና እስክሪብቶው ብቻ ናችሁ። ሙላው እንጂ።»

«እሺ።»

«ዛሬ።»

«እሺ አልኩሽ።»

የመመለሻው ቀን ሲያልፍ ወይዘሮ ኮከብ ፖስታውን አንሥተው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። አልተቆጡም። ቁጣ ተስፋ ያለው ሰው ነገር ነው።

ከፋሲካ በኋላ ወይዘሮ ሠርካዲስ ደወሉ። ያለፈው አልፏል አሉ፤ አዲስ ክለብ እያቋቋሙ ነው፤ ካውንቲው አዲስ ክለብ የሚቀበለው ሃምሳ መሥራች ሲሞላ ስለሆነ እያንዳንዱ ሰው ያስፈልጋል፤ በተለይ ደግሞ ዝርዝሩ በሽማግሌ ስም ቢጀምር ሞገስ አለው። በዚያው ሳምንት ቢንያም አየር ማረፊያው በር ላይ ጠበቃቸው። በጉባኤው ዕለት ለተናገረው ይቅርታ ጠየቀ፤ እውነትም አፍሮ ነበር። የእነሱም ክለብ ሃምሳ መሥራች ይፈልጋል፤ ጋሼ ከሌሉበት ሰው አያምናቸውም።

ሰባ አንድ ሰው ሁለት ሃምሳ አይሆንም። ይህን ለማወቅ ትምህርት አያስፈልግም። ሁለቱም ዝርዝሮች በሰኔ ወር ለካውንቲው ገቡ፤ አንዱ አርባ ሦስት፣ ሌላው ሠላሳ ስምንት ስም ይዞ፤ ሁለቱም ተመለሱ። በሁለቱም ራስጌ ላይ ጣሰው የሚል ስም አለ።

አቶ ጣሰው አሁንም ወንበር ይገፋሉ። ባለፈው ሳምንት ከአዲስ አበባ የተነሡ አንዲት አሮጊት ገፍተው እስከ መቀበያው ሲያደርሱ፣ አበባ ይዛ የምትጠብቀው ለተሃይማኖት ሆና ተገኘች።

«ጋሼ! እናቴን እርስዎ ነዎት ያመጡልኝ?» ብላ እናቷንም እሳቸውንም አቀፈች። ከዚያ ፊቷ ቀላ። «ያን ዕለት እኮ... መኪናዋን አንሥቼ ልመለስ ነበር። ፓርኪንግ አጣሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ክለቡ እንደገና ሲቋቋም ግን ከጎንዎ ነኝ። ስሜን አሁኑኑ ይጻፉት፣ እውነቴን ነው።»

ደረት ኪሳቸው ውስጥ እስክሪብቶ ነበር። እጃቸው እስከዚያ ደርሶ ቆመ፤ ጎረቤት ናት፣ እናቷ እያዩ ነው፣ አበባ ይዛለች።

«እሺ» አሏት፤ ከአንድ የመንገደኛ ወረቀት ጀርባም ስሟን ጻፉ።

አሮጊቷ ከወንበሩ ተነሡ፤ ቀሚሳቸውን አራገፉና ያለ ማንም ድጋፍ ከልጃቸው ጎን ወደ መኪናው ሄዱ። አቶ ጣሰው ባዶውን ወንበር ይዘው ተመለሱ። ወረቀቷን ማታ ወይዘሮ ኮከብ ሸሚዙን ሊያጥቡ ኪሱን ሲፈትሹ አገኟት። አንዲት ስም ብቻ ናት። አነበቧትና፣ ካልተከፈተው ፖስታ ጋር መሳቢያው ውስጥ አስቀመጧት።